ማቅ የለበሰችው ላም

ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተነሥቶ ልብ ወለድ ድርሰት ለመጻፍ ያሰበ ሰው፣ ብዕሩን ከቀለሙ ሳያገናኝ አስቀድሞ መልስ ሊያዘጋጅለት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ የት ተጽፏል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከሊቁም ከጨዋውም፣ ከነጋዴውም ከጡረተኛውም፣ በልቅሶ ቤትም በማኅበር ቤትም ይመጣል፤ ሰዎቹም የሚጠይቁት መልሱን ለመስማት ሳይሆን መልስ አለመኖሩን በምስክር ፊት ለማረጋገጥ ስለሆነ፣ ጠይቀው እንዳበቁ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ።

እኔን ጥያቄው አያናድደኝም። የሚያናድደኝ፣ ጠያቂው ራሱ በዚያው ምሽት ልጆቹን ሰብስቦ ሔዋን በለስ መቅጠፏን፣ የጥበብ ሰዎችም ሦስት ሆነው መምጣታቸውን ሲተርክ፣ ፍሬዪቱ ምን እንደ ነበረች ኦሪት እንዳልተናገረች፣ ማቴዎስም ሰብአ ሰገልን እንዳልቈጠራቸው ፈጽሞ ትዝ የማይለው መሆኑ ነው። ፈረንጅ ፖም ነው ይላል፤ እኛ በለስ ነው እንላለን፤ ሙሴ ግን ዝም ብሏል። አክስቴ ደግሞ ከነገሥታቱ አንዱ የእኛ አገር ሰው መሆኑን ስትናገር፣ ስንቁን ቋጥራ የሸኘችው እርሷ ራሷ ናት የሚያሰኝ እርግጠኛነት አላት።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ። የነቢዩን የዮናስን ታሪክ በልብ ወለድ መልክ ለማዘጋጀት ካሰብሁ ቈይቻለሁ። የመረጥሁት በስንፍና ነው ቢባል አልከራከርም፤ መጽሐፉ 4 ምዕራፍና 48 ቍጥር ብቻ ስለሆነ፣ አቦሉ ሳይወርድ ተነብቦ ያልቃል። ይሁን እንጂ ይህን ያህል አጭር ታሪክ ኖሮት ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ሰው ሌላ አላውቅም። ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣ ካህን አስቀድሞ የሚፈልገው የጾመ ነነዌን መግቢያ ነው፤ እርሱም ከጥር 17 ቀን ቀድሞ ከየካቲት 21 ቀን ዘግይቶ አይውልም፤ ዐቢይ ጾምም ሆሣዕናም ፋሲካም ከዚያ ተነሥተው ይቈጠራሉ። እንግዲህ ፋሲካ መቼ ይውላል ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ሁሉ፣ ዶሮ ሻጩም ዶሮ ገዢውም ጭምር፣ ሳያውቀው ዮናስን ደጅ ይጠናል ማለት ነው።

ደብተር ገዝቼ፣ ገጹን በየምዕራፉ ከፍዬ፣ በስተቀኝ የተጻፈውን፣ በስተግራ ያልተጻፈውን ለማስፈር አሰብሁ። በስተቀኝ ያለው ወዲያው አለቀ። በስተግራ ያለው ግን ገና ከመጀመሪያው ገጽ፣ ዮናስ ከኢዮጴ ወደብ ሳይነሣ፣ መሙላት ጀመረ።

መጽሐፉ ዮናስ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አግኝቶ ዋጋውን እንደ ከፈለ ይናገራል እንጂ ስንት እንደ ከፈለ አይናገርም። ለሰባኪ ይህ ምንም አይደለም። ንድፍ ለሚያወጣ ደራሲ ግን ገንዘብ የከፈለ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ከአንድ ቦታ ያመጣ ሰው ነውና፣ ነቢይ ከየት ያመጣል? ተበድሮ ነው? በሬ ሸጦ ነው? ወይስ ሲሳለሙት ከሰጡት? ይህን እያሰላሰልሁ ሳለሁ የአይሁድ መምህራን በታልሙድ በዚሁ ነገር መወያየታቸውን አገኘሁ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ዮናስ የራሱን ወንበር ብቻ ሳይሆን የመርከቧን ሙሉ ኪራይ ነው የከፈለው ሲል፣ ሌላው ተነሥቶ ኪራዩ 4,000 የወርቅ ዲናር እንደ ነበረ ይቈርጣል። የደስታዬ ብዛት አይነገርም። የተከበሩ መምህራን ተቀምጠው «ስንት ከፈለ?» ብለው ከተጨነቁ፣ እኔን በሥራ ፈትነት የሚከስሰኝ ማን ነው?

ይህንኑ የጭነት መኪና ላለው ጎረቤቴ ባጫውተው፣ እርሱ ከታልሙድ ይልቅ አጭር ሆኖ አገኘሁት። «መንገደኛ ይከራከራል፤ የሚሸሽ ሰው አይከራከርም» አለኝ። «ሌሊት መጥቶ ስንት ነው ሳይል ገንዘቡን የሚቈጥርልህን ሰው ስታይ፣ ወይ ከሚስቱ ወይ ከመንግሥት የሸሸ መሆኑን ዕወቅ።» ከእግዚአብሔር የሸሸ ደንበኛ ገጥሞት እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም፤ ነገር ግን በንድፌ ላይ ዮናስ መልስ ሳይቀበል ከመርከቢቱ ሆድ ወርዶ እንዲተኛ አደረግሁ።

እነሆ፣ እስከዚህ ድረስ ሥራው የምድር ሥራ ነበር። የሚያስፈራው የመጽሐፍ መምህር ከሆኑት ከየኔታ ፊት መቅረቡ ነው። አንድ የማኅበር ሰው፣ በራእየ ዮሐንስ መጨረሻ ላይ በመጽሐፉ ቃል የሚጨምር ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስታውሶኝ ስለ ነበር፣ መቅሠፍቱ ሳይደርስ ምክር ልጠይቅ ብዬ ሄድሁ። የኔታ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነገሬን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፣ የጭራቸውን እጀታ ወደ እኔ አቅንተው፣ «ይህ የት ተጽፏል?» አሉኝ።

«አልተጻፈም የኔታ፤ ስለዚህ ነው ልብ ወለድ የተባለው» አልሁ።

«መጽሐፉ ዝም ባለበት ዝም በል» አሉና ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ዝምታው ግን ለራሳቸውም አልተመቻቸውም መሰለኝ፣ «ደግሞ ይህ ዮናስ የምትለው የማን ልጅ መሆኑን ታውቃለህ? የሰራፕታዋ መበለት ልጅ እኮ ነው፤ ያ ኤልያስ ከሞት ያስነሣው ብላቴና!» አሉ።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ የመበለቲቱ ልጅ ስም አልተጠራም። ስለዚህ በትሕትና፣ «የኔታ፣ ይህስ የት ተጽፏል?» አልኋቸው።

«አበው ብለውታል!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ንድፌ መልኩን ለወጠ። በሕፃንነቱ አንድ ጊዜ ሞቶ የተነሣ ሰው፣ ማዕበል ሲነሣ በመርከብ ሆድ ውስጥ እንቅልፍ ቢወስደው ምን ይገርማል? ወደ ባሕር ጣሉኝ ብሎ መርከበኞቹን ቢለምንስ? ሞትን የሚያውቀው ሰው ነው፤ የማያውቀው ምሕረትን ነው፤ የሸሸውም የነነዌን ሰዎች ፈርቶ ሳይሆን እግዚአብሔር ይራራላቸው ይሆናል ብሎ ሠግቶ እንደ ሆነ ራሱ በአራተኛው ምዕራፍ ይናገራል። እኔ ወር ሙሉ ባስብ የማልደርስበትን የባሕርይ ሥር፣ የኔታ ልብ ወለድ አትጻፍ እያሉ በአንድ ትንፋሽ ሰጡኝ።

ያን ዕለት የተቈረጠው ነገር ይህ ብቻ አይደለም። የነነዌ ፍርስራሽ በጤግሮስ ማዶ፣ በሞሱል ከተማ ትይዩ ይገኛል፤ ላያርድ የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ቈፍሮ ካወጣው ወዲህ የመጡ ሊቃውንት እንደ ለኩት፣ የቅጥሩ ዙሪያ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መጽሐፉ ደግሞ የሦስት ቀን መንገድ ይላል። ይህን እንደ ትልቅ ግኝት አድርጌ ባቀርብላቸው የኔታ አልደነገጡም። «አንተ እየሮጥህ ትዞራታለህ፤ ነቢዩ ግን በየአደባባዩ እየቆመ ነው የሰበከ። አንድም፣ ቅጥሩን ብቻ ሳይሆን ባላገሩንም ጨምሮ ነው» አሉና፣ ከንፈራቸው ፈገግ ለማለት እየዳዳው፣ «አንድም፣ ያኰረፈ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ» ብለው ጨመሩ። ሦስተኛውን አንድም በየትኛውም መጽሐፍ እንደማላገኘው እርግጠኛ ነኝ፤ ንድፌ ላይ ግን በቀይ ቀለም ሰፍሯል።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ጀርመናዊው ደራሲ ቶማስ ማን በኦሪት ዘፍጥረት 14 ምዕራፍ የማይሞላውን የዮሴፍን ታሪክ ይዞ ተነሥቶ፣ ግብፅ ድረስ ወርዶ አገሩን አይቶ፣ አራት ቅጽ የሆነ ድርሰት ጻፈ፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1933፣ የመጨረሻው በ1943 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ታተመ፤ በዚህ መካከል ናዚዎች መጥተውበት ደራሲው ራሱ እንደ ዮሴፍ በባዕድ አገር ቀረ። ጽሕፈቱን በመኪና የምትመታለት ሴት የመጀመሪያውን ክፍል ስትመልስለት፣ እንግዲህ ነገሩ በእውነት እንዴት እንደ ተደረገ አወቅን ማለቷን ቶማስ ማን ራሱ እየሣቀ ይተርክ ነበር። እኔ ግን ሣቁ አይታየኝም፤ ሴትዮዋ ከአክስቴ ጋር ብትገናኝ ኖሮ ወዳጆች ይሆኑ ነበር።

ሌላው አሜሪካዊው ሉ ዋላስ ነው። በ1880 «ቤን ሐር»ን ሲያሳትም ኢየሩሳሌምን በዐይኑ አላያትም ነበር፤ መንገዱንና ኰረብታውን ሁሉ የለቀመው ከመጻሕፍትና ከካርታ ነው። በኋላ መንግሥቱ ወደ ኦቶማን ግዛት መልእክተኛ አድርጎ ሲልከው፣ ቦታውን ተዘዋውሮ ተመለከተና ከጻፈው የሚለወጥ ነገር እንዳላገኘ ተናገረ። ሰውዬው ጀኔራል እንደ ነበረ አንባቢ ልብ ይበል።

ወደ ቤታችን ስንመለስስ? የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን መገናኘት በመጽሐፈ ነገሥት 13 ቍጥር ነው። ክብረ ነገሥት 117 ምዕራፍ አለው። ክብረ ነገሥት ልብ ወለድ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ደራሲ በአገሩ ሊቀመጥ አይችልም፤ ነገር ግን በእራቱ ላይ ቅመሙ መብዛቱን፣ ንግሥቲቱ ሌሊት በውኃ ጥም መቃጠሏን፣ ሰሎሞንም ዐይኑን ጨፍኖ ሳይተኛ ውኃዋን ይጠብቅ እንደ ነበር ያወቅነው ከየት ነው? ሠዓሊዎቻችንም ይህንኑ በ44 ክፍል እየከፈሉ በሸራ ላይ ሲሥሉ ኖረዋል። የኖኅን ሚስትማ ኦሪት ስም እንኳ አልሰጣትም፤ ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ኩፋሌ ግን እምዛራ ብሎ ይጠራታል። ዓለም ሁሉ «የኖኅ ሚስት» እያለ የሚያልፋትን ሴት እኛ በስሟ ስንጠራት ኖረን፣ አሁን አንድ ምስኪን ደራሲ ለአንድ መርከበኛ ስም ቢያወጣ የት ተጽፏል ይባላል።

ሠዓሊ ካነሣሁ አይቀር፣ በአሮጌው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕግ ጻድቅ በሁለት ዐይኑ፣ ኃጥእ በአንድ ዐይኑ ይሣላል፤ ይሁዳ በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ፊቱን ወደ ጎን ያዞረው ስለዚህ ነው። እኔም የማውቀውን ሠዓሊ፣ ከቅሉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሞት ይሻለኛል የሚለውን ዮናስን በስንት ዐይን ትሥለዋለህ ብዬ ጠየቅሁት። «ነቢይ ነው፤ በሁለት» አለኝ ሳያመነታ፤ ብሩሹን ካጠበ በኋላ ግን፣ «ሁለተኛውን ትንሽ ጨፈን አደርገዋለሁ» አለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ንድፌን ጨርሶ ያስቆመው ላሚቱ ናት። የነነዌ ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ በአመድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ያወጣው አዋጅ ሰውን ብቻ ሳይሆን እንስሳውንም የሚያጠቃልል ነው፤ በሬና በግ እንዳይሰማሩ፣ ውኃም እንዳይቀምሱ፣ ሰውም እንስሳም ማቅ እንዲለብሱ ያዝዛል። ሰባኪ ይህን ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ግን ማለፍ አልቻልሁም። ያን ሁሉ ማቅ በአንድ ሌሊት ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? በከተማይቱ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩት ብቻ ከ120,000 በላይ እንደ ነበሩ ተጽፏል፤ ከብቱን ሳንቈጥር ማለት ነው። ላሚቱንስ በየት በኩል አለበሷት?

መጻሕፍት ባገላብጥ፣ በዚያ አገር ማቅ ከፍየል ጠጕር የሚሠራ ሸካራ ጨርቅ እንደ ነበረ ከመናገር አላለፉልኝም። ስለዚህ ወደ አክስቴ ሄድሁ። አክስቴ የመንዝ ተወላጅ ናት፤ የመንዝም ሰው ስለ በግ ጠጕር ከሊቃውንት ጋር ለመከራከር ፈቃድ አያስፈልገውም። ጥያቄዬን እንደ ሰማች ከአልጋው ሥር ካለው ሣጥን አንድ አሮጌ ማቅ አወጣች፤ እናቷ የፈተለችው፣ አባቷ የሸመነው ነው። ጥቁር ነበር፤ ወይም ጥቁርና ቡናማ ሆኖ ጢሱ አንድ ቀለም አድርጎታል። አፍንጫዬን ሳስጠጋው በመጀመሪያ የምድጃ፣ ቈይቶም ዝናብ የመታው በግ ይሸት ነበር።

«ሸሚዝህን አውልቅና ልበሰው» አለችኝ።

«አክስቴ፣ እኔ ለመጻፍ ነው እንጂ...»

«ሳትለብሰው ምኑን ትጽፈዋለህ?»

ለበስሁት። ክብደቱ አስቀድሞ ትከሻዬን ሲጫነው የሚሞቅ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ከአንገቴ ሥር ጀምሮ እያንዳንዱ ጠጕር ለብቻው መናገር ጀመረ። ብብቴ ከጀርባዬ ይብሳል ስል፣ ጀርባዬ ከብብቴ ባሰ። ልቀመጥ ብል ጭኔን፣ ልቆም ብል ወገቤን በላኝ፤ በውስጡ ቍንጫ ይኑር አይኑር ለመወሰን የሚያስችል ዕረፍት እንኳ አላገኘሁም። አክስቴ መከዳዋን ተደግፋ እያየችኝ፣ «ይህን ለብሰህ ሦስት ቀን ብትጾም፣ የራስህ ኃጢአት ሲያልቅ የጎረቤትህ ይታወስሃል» አለች።

ካወለቅሁት በኋላ ወደ ዋናው ጥያቄ ተመለስን። «ከጠጕሩ ሸለታ እስከ ሽመናው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አንተ አታውቅም» አለችኝ። «ንጉሡ ዛሬ ዐውጆ ሕዝቡ ዛሬውኑ ከለበሰ፣ ማቁ ቀድሞም በየቤቱ ነበረ።»

«በነነዌ? አክስቴ፣ እኮ የአሦር ከተማ ናት! ቅጥሯ፣ ግንቧ፣ በበሯ ላይ የቆሙት ክንፍ ያላቸው የድንጋይ በሬዎች...»

«ግንብ ያለበት አገር ሁሉ ሀብታም ይመስልሃል? ግንቡን የሠራው ማን ነው? በሬውን ከድንጋይ የጠረበውስ ምን ለብሶ የጠረበ ይመስልሃል? ልብስ የለወጠው ንጉሡ ነው፤ ሌላው ሰው የሚለብሰውን ለበሰ።»

የነነዌን ታሪክ ከጻፉት ሊቃውንት መካከል ይህን የተናገረ አላነበብሁም። ክንፍ ያላቸውን በሬዎች የለኩት ብዙዎች ናቸው፤ ጠራቢው ምን ለብሶ እንደ ነበረ የጠየቀ ግን የመንዝ ሴት ናት። በንድፌ ላይ ሦስተኛውን ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ሰርዤ፣ ንጉሡ በጓዳው ማቅ አጥቶ ከበረኛው ሲዋስ ከሚታይበት ቦታ እንዲጀምር አደረግሁት።

«ላሚቱስ?» አልኋት።

«ላም በብርድ ጊዜ ጆንያ ትለብስ የለም እንዴ? እርሱ ምን ያስደንቃል! የሚያሳዝነው ውኃ መከልከሏ ነው። ውኃ ያልጠጣች ላም ወተት አትሰጥም፤ ጥጃው ሌሊቱን ሲጮኽ ያድራል። እግዚአብሔርን ያራራው እርሱ ነው።»

ይህን ለየኔታ ስነግራቸው እንደ ልማዳቸው የት ተጽፏል ይሉኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የመጽሐፉ የመጨረሻ ቃል ግን እግዚአብሔር ለሕፃናቱ ብቻ ሳይሆን ለብዙ እንስሶችም እንደሚራራ የሚናገር መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቃሉና፣ ጭራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውረው፣ «አንድም ብለህ ጻፈው» አሉኝ።

መቼም ለሰው ልክ የለውም፤ አንድ ፈቃድ ሲያገኝ ሁለት ይመኛል። መጽሐፉ የሚያበቃው በጥያቄ ነው፤ ዮናስ መለሰ ወይስ አልመለሰ፣ ወደ አገሩ ገባ ወይስ በዚያው ቀረ፣ የተባለ ነገር የለም። የኔታ «እዚያ ላይ ተው፤ እግዚአብሔር ከጠየቀ በኋላ የሚናገር ደራሲ አለ?» ብለው ስለ ገሠጹኝ፣ እኔም በሥራው ድካም ላይ ይህ ምክር ሲጨመርበት በደስታ ተቀብዬ ደብተሩን ልዘጋ ነበር። አክስቴ ግን ዮናስ የመበለት ልጅ መሆኑን ካጫወትኋት ወዲህ ስለ ድርሰት ሕግ የሚነገራትን ሁሉ አልሰማም ብላለች። «አንድ ልጇ ነው! ሞተባት፣ ተነሣላት፤ ደግሞ ዓሣ ዋጠባት፤ አሁን አንተ ፀሐይ ላይ አኰርፎ ተቀምጦ ትተኸው ልትሄድ ነው? ለእናቱ አስገባው!»

ሽማግሌ ይታዘዛል እንጂ አይሞገትም። አምስተኛ ምዕራፍ ጨምሬ ዮናስን ወደ እናቱ ቤት ለመመለስ ወሰንሁ። ቢሆንም ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ባዶ እጁን አይገባምና፣ ከነነዌ ገበያ ምን ይግዛላት ብዬ አክስቴን አማከርኋት።

«ዱቄትና ዘይት እንደ ሆነ ከኤልያስ ጀምሮ አልጎደለባትም» አለች፣ ቡናውን እየቀዳች። «ደኅና ቅቤ ቢወስድላት ነበር የሚሻለው። ግን በጾም ፍቺ ማግሥት ገበያ ወጥቶ ቅቤ የሚገዛ ምን ዐይነት ነቢይ ነው? ይወደድበታል። ጥቂት ቀን ይታገሥ በለው።»